ቀጥሎ

ስልካችን አንድ ናት፤ እኛ ግን አራት ነን፣
የተሰነጠቀ ፊቷን በፕላስተር ጠግነን
ተራ እንጠብቃለን።

ቀን ከእኔ ጋር ትውላለች፣ ጠባሴ፣ ጎሚስታ ቤት፣
ግራሶ ባወዛው ጣት ስዳስሳት፣ ስከፍታት፤
ሲመሽ ትንግርት ትቀማኛለች ለአልጀብራዋ መፍቻ፣
(ለአልጀብራ ነው ትላለች፤ የምሰማው ሳቅ ብቻ)።
አስካለ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሌሊት ፈረቃ ስትገባ
ለምንተስኖት ትሰጠዋለች፣ ሆዱ እንዳይባባ።
እሑድ ግን የራሷ ናት፤ ሹራብ አሠራር እያየች ታንቀላፋለች።

ምንተስኖት አምስት ዓመቱ ነው። የሚወደው አንዲት ዶሮ፣
ቀይ ቦቲ ጫማ ተጫምታ የምትቆጥር በከበሮ።

አራት መሆናችንን ለስልኪቱ ማን ይንገራት?
አንድ ሰው ነው የመሰላት፦
ጎማ የሚለጥፍ፣ አልጀብራ የሚፈራ፣
ሹራብ የሚጀምር፣ ከዶሮ ጋር የሚያወራ፣
ሌት ተቀን የማይተኛ አንድ እንግዳ ፍጥረት።
ለዚያ ለሌለው ሰው ነው የምትደግስለት።

ጥፋቱ ከእኔ ነው። የጥቅምት ማለቂያ፣
ጣርማ በር ጉም ውጦት፣ ከቁልቁለቱ መጀመሪያ፣
ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ሲገለበጥ አንዱ ቀርፆት፣
ሰው ሲቀባበለው ውሎ እኔም ጋ ደረሰ፤ አየሁት።
ደገምኩት። ሠለስኩት። አቆምኩት እየመለስኩ፣
ሰውየውን አይደለም፤ የኋላ ጎማውን ፈለግኩ፦
ያ ረቡዕ የለጠፍኩት፣ በሁለት መቶ ብር፣
እሱ ይሆን? ሌላ ይሆን? ከሽንኩርቱ ሥር
ጎማው አይታይም።

ስልኪቱ ግን ቆጠረች። እጄ ሲንቀጠቀጥ አላየች፣
የቆየሁትን ብቻ አየች፤ «ወደደው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ምን ልበላችሁ፦
ያልለመንኳት መኪና ሁሉ፣ ከማላውቀው አገር ገደል፣
ከማላውቀው ድልድይ ላይ፣ ሲንከባለል፣ ሲንከባለል።
ብዘጋውም ቀጥሎ፣ ብተኛም ቀጥሎ፣
እንደ ክፉ ደላላ «ይኸኛውንም እየው» ብሎ።

ሌሊት ብርዱ ቀስቅሶኝ ዞር ስል፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ይበራል፤
ዶሮዋ አስር ቆጥራ ሄዳለች፤ አውቶቡስ ገደል ይገባል።
ምንተስኖት አላለቀሰም። ጣቱን በአፉ ጎርሶ
ይጠብቃል፤ ዶሮዋን፤ ያን ሁሉ ውድቀት ታግሦ።

በማግስቱ ወደ ጎማ ቤት አልሄድም አለ።
የሰርዲን ቆርቆሮ መኪናውን ከደረጃው እየጣለ
ይቆጥራል፣ እስከ አስር፣ በዶሮዋ ድምፅ።

ምን ላድርግ? ጎሚስታ ነኝ። የተነፈሰ እሞላለሁ፣
የተቀደደ እለጥፋለሁ። ይህን በምን እለጥፈዋለሁ?
ምክሩ የትንግርት ነው፦ «አባ፣ የምትፈልገውን አሳያት፣
ክፈትና ዝም ብለህ ተዋት።»
ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ቻርጀሩ ላይ ሰክቼ
ዶሮ አጫወትኳት፣ ድምጿን ከኮምፕሬሰሩ በላይ ከፍቼ።
ሾፌሮች ሳቁብኝ፦ «ወንድይፍራው እንቁላል ጀመረ!»
አንድ ሽማግሌ ግን፣ ከደሴ የመጣ፣ ሳይስቅ ቆሞ አብሯት ቆጠረ።

በአራተኛው ቀን ስከፍታት ዶሮ በዶሮ ሆና፣
ጫጩት፣ እንቁላል፣ የዶሮ መኖ፣ የዶሮ በሽታ፣ የዶሮ ቁመና።
ደስ አለኝ። ጣቴን ጠርጌ ወደ ላይ ገፋሁ፣ ገፋሁ፣
ከዶሮዎቹ መሃል ግን አንዲት ትንሽ ሥዕል አየሁ፦
ጉም። ቁልቁለት። ያዘነበለ መኪና። ከሥሩ ቀይ ነገር፣
ሽንኩርት ሊሆን ይችላል።

ማለፍ ነበረብኝ። አውቃለሁ።
ጣቴ ግን፣ ፕላስተሩ አጠገብ፣
የኋላ ጎማውን ሊያይ
ቆየ።

ስልኪቱ ትቆጥራለች፦
አንድ። ሁለት።